ከጎንደር ድሬዳዋ በባቡር፦ ጉዞውንም ስልኩንም አስቀድሞ ማሰናዳት

ኅዳር ሲገባ ጥያቄው ይጀምራል። «ቁልቢ መሄድ ፈልገን ነበር፤ ባቡሩን የት ነው የምንይዘው?» ሐምሌ ላይም ይደገማል። የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲወጣ ደግሞ ተራው የወላጆች ነው። «ልጃችን ሐረማያ ደረሳት፤ ባቡር ውስጥ ስልክ ይሠራል ወይ? እንዴት አድርገን እንከታተላት?» ለየሰዉ በስልክ ከማስረዳት አንድ ቦታ በደንብ መጻፉ ይሻላል።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ጎንደር ባቡር የለም። የመንገደኞች ባቡር የሚነሳው ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። መስመሩ በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በሚኤሶና በድሬዳዋ አድርጎ ጅቡቲ ውስጥ ናጋድ ድረስ ይሄዳል። ጠቅላላ ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከጎንደር ለሚነሳ ሰው ጉዞው ሦስት ቁራጭ አለው፦ ከጎንደር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ጣቢያ፣ ከጣቢያው ደግሞ እስከ መድረሻው። ባቡሩ ላይ ከወጣችሁ በኋላ ያለው ቀላሉ ነው። ሰው የሚቸገረው ቁራጮቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው፤ እኔም ጊዜ የምሰጠው ለእሱ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዋናው መታወቂያ (ፋይዳ፣ የቀበሌ ወይም ፓስፖርት) እና ፎቶ ኮፒው። ኮፒውን ከዋናው ለይታችሁ ሌላ ቦርሳ ውስጥ አስቀምጡት።
- ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ። ከሌለ ባላችሁ ስልክ መሄድ ይቻላል።
- ፓወር ባንክ፣ ቢያንስ 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት (mAh) የሆነ።
- ሁለት የቻርጀር ገመድ። አንዱ ከተበላሸ መንገድ ላይ የሚሸጥላችሁ ሰው ላይኖር ይችላል።
- ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ። ጥቅሙን ደረጃ 5 ላይ ታዩታላችሁ።
- ጥሬ ብር፣ በከፊል ዝርዝር የሆነ።
- ለአንድ ሰው ከ2 እስከ 3 ሊትር ውኃ።
- ስንቅ፦ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ደረቅ ዳቦ። የታኅሣሡ ቁልቢ የሚውለው በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው። መንገድ ላይ የጾም ምግብ ፍለጋ እንዳትቸገሩ ከቤት ያዙ።
- የሚደረብና የሚወልቅ ልብስ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ። ጠዋት ጋቢ ያስፈለገው ሰው ከሰዓት ነጠላውም ይከብደዋል።
- የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት። አዋሽም ድሬዳዋም ቆላ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ከመድረሻው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ

ብዙ ሰው የሚጀምረው «ከጎንደር መቼ ልነሳ?» ብሎ ነው። መጠየቅ ያለበት «እዚያ መቼ መገኘት አለብኝ?» ነው። ምክንያቱም የመንገደኞች ባቡር እንደ ሚኒባስ ሲሞላ የሚወጣ አይደለም። የተለመደው አሠራር አንድ ቀን ሄዶ በማግሥቱ መመለስ ነው። አንዱ ካመለጣችሁ ቀጣዩ ከነገ ወዲያ ሊሆን ይችላል።

የታኅሣሥ 19ን ንግሥ እንውሰድ። ታኅሣሥ 17 ድሬዳዋ መግባት አለባችሁ እንበል። ባቡሩ ታኅሣሥ 16 ወይም 17 የሚነሳ ከሆነ 15 ቀን አዲስ አበባ ማደር ይኖርባችኋል። ስለዚህ ከጎንደር የምትነሱት በአውሮፕላን ከሆነ ከ15 ሳይዘገይ፣ በመኪና ከሆነ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። በየመሐሉ አንድ ቀን ትርፍ ተዉ። ይህ ትርፍ ቀን አይባክንም። የአውሮፕላን ሰዓት ሲቀየር፣ መንገድ ሲዘጋ ወይም ባቡር ሲዘገይ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

እዚህ ላይ ለቁልቢ ተጓዦች የሚሆን አንድ ምክር አለኝ። ቁልቢ የባቡር መስመሩ ላይ አይደለችም። ከአዲስ አበባ ሐረር የሚወስደው የመኪና መንገድ ግን ራሷ ቁልቢ ውስጥ ያልፋል። በባቡር የሄደ ሰው ድሬዳዋ ወርዶ በደንገጎ በኩል በመኪና ወደ ቁልቢ መመለስ አለበት። አረጋውያን ይዛችሁ ከሆነ፣ ረጅሙን መንገድ ተቀምጦና ተነሥቶ እየተንቀሳቀሱ መጓዝ ስለሚቻል ባቡሩ ይመረጣል። ብቻችሁን ከሆናችሁና ቁልቢን ብቻ ተሳልማችሁ የምትመለሱ ከሆነ ግን አውቶቡሱ በር ላይ ያደርሳችኋል። ሐረማያ ወይም ሐረር የሚሄድ ተማሪም ከድሬዳዋ በደንገጎ በኩል ይወጣል፤ ለእሱ ባቡሩ ደህና ምርጫ ነው።

ደረጃ 2፦ የባቡሩን ቀን አረጋግጡ፣ ከዚያ ትኬት፣ ከዚያ አውሮፕላን

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። የአውሮፕላን ትኬት አስቀድሞ የቆረጠ ሰው የባቡሩ ቀን ሳይገጥምለት ይቀራል።

የሚነሳበትን ቀንና ሰዓት ከራሱ ከባቡር ድርጅቱ አረጋግጡ። ባለፈው ዓመት የሄደ ሰው የነገራችሁን አትመኑ፤ ፕሮግራም ይቀየራል። አዲስ አበባ ዘመድ ካላችሁ ጣቢያው መስኮት ሄዶ እንዲጠይቅላችሁ አድርጉ። ለበዓል ሰሞን ትኬት ቶሎ ስለሚያልቅ ጠይቆ ብቻ አይመለስ፤ እዚያው ይቁረጥላችሁ። ሲሄድ የመታወቂያችሁን ፎቶ ይዞ ይሂድ። ስማችሁ ትኬቱ ላይ ልክ መታወቂያው ላይ እንዳለው መጻፍ አለበት። «ገብሬ» ተብሎ የሚጠራ ሰው መታወቂያው ላይ «ገብረ መስቀል» ከሆነ፣ ትኬቱም «ገብረ መስቀል» ይበል። በር ላይ የሚታየው መታወቂያው ነውና።

የመመለሻችሁንም ቀን ያኔውኑ ጠይቁ። ከንግሥ በኋላ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን መመለስ ይፈልጋል።

ደረጃ 3፦ ቀኑንና ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ከገንዘብ እጥረት ይልቅ ሰውን ከባቡር የሚያስቀረው ይህ ነው።

ትኬት ላይ 08:00 የሚል ካያችሁ፣ ያ በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። 8 ሰዓት ብሎ ከምሳ በኋላ ጣቢያ የሄደ ሰው ባዶ ሐዲድ ነው የሚያገኘው። ዘዴው ቀላል ነው፦ ከተጻፈው ላይ 6 ቀንሱ። 13:30 ከቀኑ 7:30 ይሆናል። 20:00 ላይ 6 ስትቀንሱ 14 ይመጣል፤ ከ12 ስለበለጠ እንደገና 12 ቀንሱለት፤ ማታ 2 ሰዓት ይሆናል።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለ ሰዓት ደግሞ ቀኑንም ያሳስታል። «ዓርብ 00:30» ማለት ሐሙስ ማታ ለዓርብ አጥቢያ ሌሊት 6:30 ነው። ዓርብ ማታ የሄደ ሰው አንድ ሙሉ ቀን ዘግይቷል።

ቀኑም እንዲሁ ነው። የአውሮፕላን ትኬት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው። ታኅሣሥ 19 ዲሴምበር 28 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜ 6 ቀን ሆና ባለፈችበት ማግሥት ባለው ዓመት ግን ዲሴምበር 29 ላይ። ሐምሌ 19 ሁልጊዜ ጁላይ 26 ነው። ደብተራችሁ ላይ እንዲህ ጻፉት፦ የሳምንቱ ቀን፣ የእኛ ቀን፣ የፈረንጅ ቀን፣ የእኛ ሰዓት፣ ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት። የሳምንቱ ስም ወሳኝ ነው። በሁለቱም አቆጣጠር ሰኞ ሰኞ ስለሆነ፣ ስህተት ካለ ቶሎ ያጋልጣል።

ደረጃ 4፦ ከጎንደር አዲስ አበባ

በአውሮፕላን ከሆነ ከአዘዞው አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና ከሆነ በባሕር ዳር፣ በደጀንና በዓባይ በረሃ አድርጎ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የመንገዱን ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀንም፣ በዕለቱ ጠዋትም መናኸሪያ ጠይቁ። መንገዱ ካላስተማመነ አትነሱ። ትርፍ ቀን ተዉ ያልኩት ለዚህም ነው።

ለአውሮፕላን ተጓዦች አንድ ጥንቃቄ፦ ፓወር ባንክ በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ባትሪ እሳት ቢያነሳ መንገደኛው በተቀመጠበት ክፍል ሰው ያየዋል፤ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ግን የሚያየው የለም። የተለመደው ገደብ 100 ዋት ሰዓት ነው። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለው ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ያልፋል። ጀርባው ላይ ጽሑፉ የተፋቀ ፓወር ባንክ ግን ፍተሻ ላይ ሊያስቀሩባችሁ ስለሚችሉ ጽሑፉ የሚነበብ ያዙ።

ለተማሪ ልጅ ቅቤ የምትልኩ እናቶችም አላችሁ። ጎንደር ላይ የረጋ ቅቤ አዋሽ ሲደርስ ዘይት ይሆናል። ፌስታል ውስጥ የተቋጠረ ቅቤ በርበሬውንም ሽሮውንም ልብሱንም አበላሽቶ ነው የሚደርሰው። የሚጠብቅ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ አድርጉት። እስከ አፉ አትሙሉት፤ ሲቀልጥ ይጨምራል። ክዳኑን በፕላስተር አሽጉና ዕቃውን በሁለት ፌስታል ደርባችሁ ቁሙን አስቀምጡት።

ደረጃ 5፦ ስልኩን ቤት ሳላችሁ አሰናዱ

መሠረቱ አንድ ነው፦ መንገድ ላይ ዳታ እንደማይኖር አድርጋችሁ ተዘጋጁ። ከአዋሽ ወዲያ መስመሩ ሰው ባልሰፈረበት ሜዳ ብዙ ይጓዛል። ጣቢያና ከተማ አጠገብ ኔትወርክ ይመጣል፤ ከዚያ ይሄዳል። ዳታ በሌለበትም ቢሆን መልእክትና *…# የሚባሉት አገልግሎቶች የሚሠሩበት አጋጣሚ ብዙ ነው፤ የሚፈልጉት ሲግናል ጥቂት ስለሆነ።

ሀ. ካርታ አውርዱ። ጉግል ማፕስ ላይ የመለያ ምስላችሁን ተጫኑ፤ «ኦፍላይን ማፕስ» የሚለውን ክፈቱ፤ አዲስ አበባን፣ ከአዳማ እስከ አዋሽ ያለውን፣ ድሬዳዋና ሐረርን ለየብቻ አውርዱ። ፉሪ ለቡ ጣቢያን፣ የድሬዳዋውን አዲሱን ጣቢያና የምታርፉበትን ቦታ ምልክት አድርጉባቸው። ጂፒኤስ የሚሠራው ከሳተላይት ነው፤ ሲም ባይኖርም፣ ዳታ ባይኖርም ያላችሁበትን ያሳያል። ባቡር ውስጥ ግን ስልኩን ወደ መስኮት አስጠጉት፤ ጣሪያው ብረት ስለሆነ መሐል ወንበር ላይ ቦታችሁን ለማግኘት ይዘገያል።

ለ. የሚያስፈልገውን ሁሉ ጋለሪ ውስጥ አስገቡ። የትኬቱን፣ የመታወቂያውን፣ የማረፊያውን አድራሻ ስክሪን ሾት አንሡ። ቴሌግራም ውስጥ ብቻ ያለ ፎቶ ዳታ ከሌለ ላይከፈት ይችላል።

ሐ. ጥቅሉን አስተካክሉ። የ24 ሰዓት ጥቅል ገዝታችሁ ጉዞ አትጀምሩ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ያልቃል። ሳምንታዊ ይሻላል። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሆነ በ*999# ትገዛላችሁ፤ ቀሪ ሂሳባችሁን በ*804# ታያላችሁ። ከጥቅሉ ሌላ ጥቂት ብር ሂሳባችሁ ላይ ተዉ። ጥቅሉ ቢያልቅ እንኳ መልእክት ለመላክ ይሆናችኋል። ሁለተኛ ሲም መያዝ የምትችሉ የሳፋሪኮም አክሉበት። አንዱ በሌለበት ሌላው የሚይዝበት ቦታ አለ።

መ. ገንዘቡን በሁለት ቦታ ያዙ። ቴሌብር በ*127#፣ የንግድ ባንክ ደግሞ በ*889# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሁለቱም ግን ኔትወርክ ይፈልጋሉ። ስለዚህ የታክሲና የምግቡ በጥሬ ብር ይሁን።

ሠ. *#06# ደውሉና የሚመጣውን 15 አሃዝ ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉ። የስልካችሁ መለያ ነው፤ ቢሰረቅ ለማመልከት ያስፈልጋል። ሲሙን ለማዘጋት ኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው።

ረ. አምስት ስልክ ቁጥር ደብተር ላይ በእጅ ጻፉ። የቤት፣ የአዲስ አበባ ዘመድ፣ የድሬዳዋ ተቀባይ፣ የማረፊያው፣ የአንድ ወዳጅ። ስልክ ጠፍቶ ወይም ባትሪ ሞቶ ከሰው ስልክ ለመደወል ቁጥሩን በቃል የሚያውቅ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። የእናቱን ቁጥር እንኳ በቃሉ የማያውቅ ልጅ ብዙ ነው። ከዚሁ ሥር ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ብላችሁ ጨምሩ።

ደረጃ 6፦ ከቤተሰብ ጋር ተስማሙ

ወላጅን የሚያስጨንቀው ዝምታ ነው። ልጅ ሲደወልላት «ጥሪ አይቀበልም» ከተባለ ቤት ያለው ሰው እህል አይወርድለትም። ኔትወርክ እንደሚጠፋ ቀድሞ የሚያውቅ ቤተሰብ ግን ይታገሣል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ እነዚህን ወስኑ።

መልእክት የሚቀበለው አንድ ሰው ይሁን። እናትም፣ ጋሼም፣ እታባም ለየብቻ ከደወሉ ባትሪው በሰላምታ ያልቃል። ያ አንድ ሰው ለሌሎቹ ይንገር።

መልእክት የሚላክባቸውን ቦታዎች በስም ጥሩ። ለምሳሌ፦ ለቡ ገባሁ፣ ባቡሩ ተነሳ፣ አዳማ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ ድሬዳዋ። በሰዓት አትስማሙ፤ በጣቢያ ተስማሙ። ባቡሩ ከዘገየ ሰዓቱ ይዛባል፤ የጣቢያዎቹ ተራ ግን አይለወጥም። ቤት የቀረው ሰው ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ ይለጥፍና መልእክት በመጣ ቁጥር ምልክት ያድርግ።

መልእክቱ አጭር ይሁን። በፊደላችን የሚጻፍ አንድ የጽሑፍ መልእክት 70 ሆሄ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ክፍት ቦታና ነጥብም ይቆጠራል። ከዚያ ካለፈ ተቆራርጦ ይላካል፤ ሲግናል ደካማ ከሆነ አንዱ ቁራጭ ይደርሳል፣ ሌላው ይቀራል። «ደህና ነኝ። አዋሽ አልፌአለሁ። ድሬ ስደርስ እደውላለሁ።» ይህ የ70ውን ግማሽ ያህል ነው፤ ሁሉንም ይናገራል። መልእክቱ አልሄድም ካለ ደጋግማችሁ አትጫኑ። ቀጣዩ ከተማ ሲደርስ እንደገና ላኩት።

የመጨረሻው ስምምነት ይህ ነው፦ ድሬዳዋ መድረሻው ሰዓት አልፎ ስንት ሰዓት ዝም ከተባለ ነው ቤተሰብ መጠየቅ የሚጀምረው? አራት ሰዓት በቂ ነው እላለሁ። የኤሌክትሪክ መቋረጥ ወይም ሐዲድ ላይ የገባ ከብትና ግመል ባቡሩን ሊያቆመው ይችላል። መጀመሪያ ለድሬዳዋ ተቀባይ ይደወል፤ ባቡሩ መግባቱን እሱ ያውቃል።

ቴሌግራምና ዋትሳፕ ላይ ያለው «ላይቭ ሎኬሽን» ያላችሁበትን ቦታ ለብዙ ሰዓት በቀጥታ ያሳያል። ጥሩ ነው፤ ዳታ በሌለበት ግን ነጥቡ ባለበት ይቆማል። የቆመ ነጥብ አይታችሁ «ባቡሩ ተገለበጠ» አትበሉ። አሮጌውን ቦታ ነው የሚያሳየው።

ደረጃ 7፦ ፉሪ ለቡ መድረስ

ለታክሲ ሾፌር «ባቡር ጣቢያ» ብቻ አትበሉ። አንዱ ለገሃር ያወርዳችኋል፤ አሮጌው ጣቢያ እዚያ ነው። ሌላው ወደ ከተማው ቀላል ባቡር ይወስዳችኋል። «ለቡ» ብቻ ካላችሁም ለቡ ሰፈር ሊያደርሳችሁ ይችላል። «የድሬዳዋ ባቡር የሚነሳበት፣ ፉሪ ለቡ ጣቢያ» በሉ፤ ካርታው ላይ ምልክት ያደረጋችሁበትን አሳዩት።

ጣቢያው ከከተማው ዳር ነው። ጠዋት የአዲስ አበባ መንገድ ምን ያህል እንደሚጨናነቅ አይታወቅም። ከተቻለ ያን ሌሊት በዚያው አቅጣጫ እደሩ። ባቡሩ ከሚነሳበት ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ድረሱ፤ የሻንጣ ፍተሻና የመታወቂያ ማሳየት ሰልፍ አለው። ቢላ፣ ጋዝ፣ ላምባና ተቀጣጣይ ነገር አትያዙ። ቤት የወጣ አረቄም ፍተሻ ላይ ሊያስቀራችሁ ይችላል።

ደረጃ 8፦ ባቡሩ ውስጥ

ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ ጣቢያ ስትቃረቡ ብቻ ክፈቱት። ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ስልክ አንቴና ሲፈልግ በሙሉ ጉልበቱ ስለሚሠራ ባትሪውን የሚጨርሰው ዋናው ነገር ይህ ፍለጋ ነው። የስክሪኑን ብርሃንም ቀንሱ።

10,000 የሚለው ፓወር ባንክ 5,000 የሚይዝ ስልክን ሁለት ጊዜ አይሞላም። በመሐል የሚባክን ኃይል ስላለ አንድ ጊዜ ሞልቶ ጥቂት ይተርፈዋል። ይህን አውቃችሁ ለፊልም አትጨርሱት። ስልኩን ፀሐይ የሚመታው የመስኮት ጠርዝ ላይም አትተዉት፤ ሙቀት ባትሪ ይጎዳል።

ስትተኙ የእጅ ቦርሳችሁ እናንተ ላይ ይሁን። ውኃ ሳይጠማችሁ ጠጡ፤ ወደ አዋሽ ሲወርድ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ የደጋ ሰው እስኪደክመው ድረስ አያስተውለውም።

ደረጃ 9፦ ድሬዳዋ መውረድ

አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ከዚራ ያለው የድሮው ጣቢያ ነው፤ ተቀባያችሁ እዚያ ቆሞ እንዳይጠብቅ ቀድማችሁ ንገሩት። ጣቢያው በር ላይ ታክሲና ባጃጅ ይኖራል፤ ሳትሳፈሩ ዋጋ ተስማሙ። ማታ ከገባችሁ ቁልቢም ሐረማያም በዚያው ሌሊት አትውጡ። ደንገጎ ዳገቱ ጠመዝማዛ ነው። ከተማው ውስጥ አድራችሁ ጠዋት ውጡ።

ከዚያ ቤት ደውሉ። አሁን በመልእክት ሳይሆን በድምፅ።

ወደ ጅቡቲ ለምትቀጥሉ

ፓስፖርት የግድ ነው። የቪዛውን ነገር ከመነሳታችሁ በፊት ከጅቡቲ ኤምባሲ አረጋግጡ። ድንበሩ ደወሌ ላይ ነው፤ የፓስፖርት ቁጥጥር ስላለ ጊዜ ይወስዳል።

ስልክን በተመለከተ አደጋው ድንበር ሳትሻገሩ ይጀምራል። ደወሌ አካባቢ ስልካችሁ የጅቡቲን ኔትወርክ በራሱ ሊይዝ ይችላል። ዳታ ሮሚንግ ክፍት ከሆነ ሂሳባችሁ ሳታውቁት ያልቃል። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ ሳላችሁ ዳታ ሮሚንግ ዝጉ፤ የኔትወርክ ምርጫውንም ከ«አውቶማቲክ» ወደ «ማኑዋል» ቀይሩት። ሮሚንግ መጠቀም ከፈለጋችሁ ዋጋውን ቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙ ቀን ከሆነ የጅቡቲ ቴሌኮም ሲም በፓስፖርት ማውጣት ይሻላል። የቤት ቁጥሮችን ሁሉ በ+251 አስተካክላችሁ መዝግቡ፤ በ09 ወይም በ07 የተመዘገበ ቁጥር ከዚያ አይደውልም። የጅቡቲ መለያ +253 ነው። ሰዓቱ ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ አቆጣጠሩ ግን በፈረንጅ ነው። ደረጃ 3ን እዚያም ተጠቀሙበት።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

*አውሮፕላንና ባቡርን በአንድ ቀን ማገናኘት።* ጠዋት ከአዘዞ ተነስቶ በዚያው ጠዋት ለቡ መድረስ ይቻላል ብሎ ማሰብ። በረራው ግማሽ ሰዓት ከዘገየ ሁሉም ነገር ይፈርሳል።

*አዲስ አበባ ስደርስ አወርዳለሁ ማለት።* ካርታውን፣ መተግበሪያውን፣ ትኬቱን። አዲስ አበባ ስትደርሱ ደክሟችሁ ነው የምትደርሱት፤ ዘመድም ይጠብቃችኋል። ጎንደር ላይ ዋይፋይ ባለበት ጨርሱት። ጎንደር ዳታ ከተቋረጠ ደግሞ የወረደውን ካርታ ከሌላ ሰው ስልክ በመተግበሪያው በኩል መቀበል አይቻልም፤ ስለዚህ ኔትወርክ ባለ ቀን ቀደም ብላችሁ አውርዱት።

*ቡድን ሆኖ አንድ ስልክ ላይ መተማመን።* የማኅበር ጉዞ ላይ ይበዛል። ትኬቱም፣ ቁጥሩም፣ ብሩም አስተባባሪው ስልክ ላይ ነው። ባትሪው ሲሞት ሃያ ሰው አብሮ ይቆማል። ቢያንስ ሦስት ሰው ሁሉንም መረጃ ይያዝ፤ ሁሉም ሰው ደግሞ የአስተባባሪውን ቁጥር በወረቀት ኪሱ ውስጥ ያድርግ። በተለይ ስልክ የማይዙ አረጋውያን።

*ጣቢያ ላይ ወርዶ መራቅ።* ባቡሩ ለአጭር ጊዜ ሲቆም ፍራፍሬ ልግዛ ብሎ የሚወርድ አለ። የሚቆምበትን ጊዜ ሠራተኛውን ሳትጠይቁ አትውረዱ። ከወረዳችሁም ትኬቱና ስልኩ እጃችሁ ላይ ይሁን።

*የመመለሻውን መርሳት።* ከንግሥ ማግሥት ትኬት ካጣችሁ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በአውቶቡስ መመለስ ይቻላል፤ ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያም አላት። ሁለቱንም አማራጭ ዋጋቸውን ጠይቃችሁ፣ ከጎንደር ስትነሱ ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፏቸው።